ከታላቅ ፊት የማትናገር ልጅ

ደሴ ውስጥ ሰርግ ያለበት ሰው ጨርቅ ለመምረጥ ወደኔ ይመጣል። ጉራ አይደለም፣ የፈለገ ሰው ሄዶ ይጠይቅ። አያቴ ከየመን ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ ዛሬ ሱቄ ካለበት ደጃፍ ላይ ጨርቁን መሬት ላይ ዘርግቶ ነው የጀመረው። አባቴ ጣራ አለበሰው፣ እኔ መስታወት አስገባሁለት። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ብቻ ጥጡን ከናይሎኑ እለያለሁ። ሲታጠብ የሚለቀውን ቀለም ገና ሳይታጠብ አውቀዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ለገዛ ልጁ ትምህርት ቤት መምረጥ ያቅተዋል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? አልጠረጠርኩም። ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ድረስ ይሞቀኛል፤ ደሴ ደግሞ የምትሞቅ ከተማ አይደለችም።

ትልቋ ልጄ አብራሪ ናት። ናት ስል፣ የንግድ አብራሪነት ፈቃድ አላት ማለቴ ነው፤ ሥራ ግን የላትም። ፈቃዷን ይዛ ከመጣች ጀምሮ ሆጤ ሰፈር ካለው ቤታችን ተቀምጣ፣ ቀን ሱቅ መጥታ ታግዘኛለች፣ ማታ ታናናሾቿን ታስጠናለች። ሰፈርተኛው ከወዲሁ ካፒቴን ይላታል። እንዲያ ሲሏት ፈገግ ትላለች፣ ከዚያ ቤት ገብታ በሯን ትዘጋለች። የሚጎድላት አንድ ሥልጠና ነው፤ መልቲ ክሩ ይሉታል። ያለ እሱ አየር መንገዶቹ ማመልከቻዋን ዞር ብለው አያዩላትም። ሳትበር በቆየች ቁጥር ደግሞ እጇ ይረሳል። የቆመ መኪና ባትሪው እንደሚሞተው ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ የቅንጦት አልነበረም፤ ያንን ሥልጠና ካላገኘች የለፋችበት ሁሉ ሱቄ ውስጥ ጨርቅ ሲለካ ሊቀር ነው።

ሥልጠናው ምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኳት።

«እስካሁን የተማርኩት ትንሿን አውሮፕላን ብቻዬን ማብረር ነው አባ» አለችኝ። «ትልቁ አውሮፕላን ግን የሁለት ሰው ነው። አንዱ ሲያበር ሌላው ያያል፣ ያየውንም ድምፅ አውጥቶ ይናገራል። ሁለት ሆነን እንዴት እንደምንሠራ ነው የሚያስተምሩት።»

«ገባኝ» አልኳት። «ሹፌርና ረዳት።»

የያዘችውን መለኪያ አስቀመጠች። ከዚያ «እንደዚያ ነገር ነው» አለችና የተዘረጋውን ጨርቅ መጠቅለል ጀመረች።

እንግዲህ አውቶብስ ላይ ረዳቱ ሹፌሩን «ተሳስተሃል» ሲለው አይቼ አላውቅም። በር ይከፍታል፣ ሒሳብ ይሰበስባል፣ «ወራጅ አለ» ይላል፣ በቃ። ልጄም ያንኑ በአውሮፕላን የምትማር መስሎኝ ነበር። እሷ አላረመችኝም። እንዳታርመኝ አድርጌ ያሳደግኳት ደግሞ እኔው ነኝ።

የኔ ልጆች እርስዎ ብለውኝ ነው ያደጉት። ትልቅ ሰው ሲናገር ዓይናቸውን መሬት ይጥላሉ። እንግዳ ፊት ወሬ ሳወራ የአንዱን ለሌላው ብሰጥ፣ የአምና ካቻምናውን የዘንድሮ ብዬ ባወራ፣ ከልጆቼ ማንም ትንፍሽ አይልም። «ኧረ እሱማ ሌላ ጊዜ ነው» የምትለኝ እናታቸው ብቻ ናት፤ እሷን ያሳደግኳት እኔ አይደለሁም። የዘመኑ ልጆች አባታቸውን ሲያፋጥጡ ሳይ በልቤ አልሐምዱሊላህ እል ነበር። ይቺ ትልቋ በተለይ፣ ሸጋ ልጅ፣ አንድ ቀን ቃል መልሳብኝ አታውቅም። ሰው ፊት የምኮራው በአብራሪነቷ ይመስል ነበር እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይበልጥ የምኮራው በዝምታዋ ነበር።

ሥልጠናውን የሚሰጡ ሦስት ቦታዎች አገኘችና በስልኳ አሳየችኝ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ብዬ ምርጫውን እኔ ያዝኩት። የመጀመሪያው አጭር ነው፤ ተማሪውን ሰብሰብ አድርገው ክፍል ውስጥ ያስተምራሉ፣ ሲሙሌተር የሚሉትን፣ መሬት ላይ ቆሞ እንደ አውሮፕላን የሚሠራውን ማሽን፣ ነካ ያስደርጓቸውና የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። ሁለተኛው ጋ ስደውል ያነሳው ሰውዬ አፉ ማር ነው። «አብሽሩ ሐጂ፣ ልጅዎ ልጃችን ናት፣ ዛሬውኑ ትምጣ» አለኝ። ሐጅ አድርጌ አላውቅም። ግን ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ሦስተኛው ጋ ያነሳችው ሴት ቁጥብ ናት። «መጀመሪያ እናነጋግራታለን። የቀረን ቦታ ጥቂት ነው፣ የመጣውን ሁሉ አንቀበልም» አለች። ሐጂም ጋሼም አላለችኝም።

«ይቺስ ትቅርብን» አልኩ ስልኩን ስዘጋ። «ገዢን እንዲህ የሚያስተናግድ ነጋዴ አያድግም።»

የልጄ ዓይን ከሦስተኛው ላይ እንዳልተነሳ ሚስቴ አይታለች፤ እኔ አላየሁም። «አንቺስ የቱን ትወጃለሽ?» ብዬ ስጠይቃት «እርስዎ እንዳሉ» አለችኝ። ይህን ቃል ስሰማ ያኔ ደረቴ ይሰፋ ነበር።

ምሳ ላይ ሚስቴ «አንተ ሰውዬ» አለችኝ፣ «ልጄን ሁለተኛው ጋ የምትሰዳት ሰውዬው ሐጂ ስላለህ ነው?» ሳቅኩባት፤ ግን ከነከነኝ። እኔ በሕይወቴ ጨርቅ ሳላይ በወሬ ገዝቼ አላውቅም። የሚያውቅ ሰው መጠየቅ አለብኝ አልኩ።

የሚያውቅ ሰው የተገኘው ኮምቦልቻ ነው፣ ያውም ለቅሶ ቤት። የድሮ ደንበኛዬ፣ አንድ ደግ ነጋዴ፣ ሞተው ሚስቴና እኔ ቁልቁለቱን ወረድን። ወንድ ልጃቸው የትልቅ አውሮፕላን ካፒቴን ነው። ድንኳኑ ውስጥ ዱአ ተደርጎ ሰው ሳሳ ሳሳ ሲል አየሁት፤ ዓይኑ አብጦ፣ በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርቦ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሰው ለቅሶ ቤት ምን ይላል? አላህ ይርሐማቸው፣ ሰብሩን ይስጥህ ብሎ ይነሳል። እኔ ሰብሩን ይስጥህ አልኩና ከአጠገቡ ተደላድዬ ተቀመጥኩ።

«ልጄም እንዳንተው ናት» አልኩት። «መልቲ ክሩ ላስገባት ነው። እንደው የቱ ይሻላል?»

ሚስቴ ከሴቶቹ ወገን ሆና በዓይኗ ወጋችኝ። እሱ ግን አልተቆጣም። እንዲያውም ከሐዘኑ ለአፍታ ብቅ ያለ መሰለኝ።

«የትኛው ነው እሷን የሚጠይቃት?» አለኝ።

«ማለት?»

«ከፍላ ከመጣች የሚቀበላት ነው ወይስ ፈትኖ የሚመርጣት? የሚመርጠውን ይምረጡ አባቴ። እዚያ ከጎኗ የሚቀመጠው ሌላ ተማሪ ነው። እሱም ዝም ብሎ የገባ ከሆነ ሁለቱም ሳይማሩ ይወጣሉ። አየር መንገዶቹም የትኛው ወረቀት በምን እንደተገኘ ያውቃሉ።»

ይህ ገባኝ፣ በነጋዴ ቋንቋ ነዋ የነገረኝ። ለመጣ ለሄደው ሁሉ የሚቆረጥ ጨርቅ ምን ዓይነት እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያው ሦስተኛው ይሁን አልኩ። ወደ ደሴ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ «እንዴት ነው፣ ባልጠይቀውስ ኖሮ?» ብዬ ሚስቴ ላይ ተኮፈስኩ። «በሰው ለቅሶ» አለችኝና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያን ቀን ማፈር ነበረብኝ፤ አላፈርኩም።

ከሦስተኛው ትምህርት ቤት ጋር ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ሆነ፣ እነሱ አዲስ አበባ፣ እኛ ቤታችን። ልጄ ላፕቶፑን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስተካከለች፣ ታናናሾቿን ጎረቤት ሰደደች፣ ነጭ ሸሚዟንና ጥቁር ሒጃቧን ለበሰች። እኔም ለበስኩ። የዒድ ጀለቢያዬን፣ ኮፊያዬን፤ ሽቶም ነካ ነካ አደረግኩ። ሽቶ በስክሪን እንደማያልፍ ያስታወሰችኝ ሚስቴ ናት።

«ልጅቷን ብቻዋን ተዋት» አለችኝ።

«እንግዳ ቤቴ ሲመጣ አባወራ ይወጣል እንዴ?» አልኳት።

ከልቤ ነው ያልኩት። እንግዳ ሳሎን ከገባ አባወራው ቁጭ ብሎ ያጫውተዋል፤ ትቶት መነሳት በኛ ቤት ነውር ነው። በላፕቶፕ ቢመጣስ ያው እንግዳ አይደለም? ልጄ ወንበሬን አየች፣ እኔን አየች፣ ላፕቶፑን ለሁለት ሰው እንዲበቃ ገፋ አደረገች። ወንበሬን ከወንበሯ ጎን አስጠጋሁ።

ሁለት ሰዎች ብቅ አሉ፤ ያቺ ቁጥቧ ሴትና አንድ ሽበታም ካፒቴን። በእንግሊዝኛ ጀመሩ። እኔ ጎንበስ ብዬ ገባሁና «አሰላሙ ዓለይኩም፣ እንደምን ዋላችሁ፣ ቤተሰብ ደህና ነው? ሥራ እንዴት ነው? አዲስ አበባ ዝናቡ ገባ?» አልኩ። ካፒቴኑ ጨዋ ሰው ነው፣ አንድ በአንድ መለሰልኝ። «አባት ካሉማ በአማርኛ እንቀጥል» አለ። እኔን አክብሮ ነው። ያቺ ክብር ናት ጉድ ያፈላችው፤ በእንግሊዝኛ ቢቀጥሉ ኖሮ አፌ ተዘግቶ ይውል ነበር።

ብዙ ጠየቋት፤ ስለ አየር ጠባይ፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ሞተር። እንደ ውሃ አወረደችላቸው። ምኑም አልገባኝም፤ እያንዳንዱን መልስ ስትጨርስ ግን የመመረቂያ ወረቀቱን እኔ የሰጠኋት ይመስል ራሴን እነቀንቅ ነበር። ከዚያ ሴትዮዋ እንዲህ አለቻት።

«ከካፒቴን ጋር እየበረርሽ ነው። አውሮፕላኑ መሆን ከሚገባው ከፍታ በታች እየወረደ ነው። አንቺ አይተሻል፣ እሱ አላየም። ካፒቴኑ በዕድሜ አባትሽ ይሆናል፣ ብዙ የበረረ ሰው ነው። ምን ታደርጊያለሽ?»

ልጄ አየር ሳበች። ከጎኗ ስለነበርኩ አይቻለሁ፤ አፏ ተከፍቷል፣ መልሱ ምላሷ ላይ ደርሷል።

እኔ ቀደምኳት።

«ልጄን ነው?» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ልጄ ከታላቅ ፊት ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ወላሂ ነው የምላችሁ። ከተወለደች ጀምሮ አንድ ቀን አባ ተሳስተዋል ብላኝ አታውቅም። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ልጅ አታገኙም። ካፒቴንም ይሁን ማንም፣ ታላቋን ታከብራለች፤ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባችሁ።»

ስክሪኑ ላይ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ካፒቴኑ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሴትዮዋ እኔን አላየችኝም፤ ልጄን ነው ያየቻት።

«አባትሽ ያሉት እውነት ነው?» አለቻት።

ልጄ ወደኔ ዞረች። እኔ ሞኙ ፈገግ አልኩላት፣ በይ ንገሪያቸው ለማለት። ምን ትበል? አይደለም ብትል አባቷን በገዛ ሳሎኑ፣ በእንግዳ ፊት፣ ያውም በአላህ ከማለ በኋላ፣ ውሸታም ማድረጓ ነው።

«አዎ» አለች።

አመሰገኑን፣ እናሳውቃችኋለን አሉ፣ ጠፉ።

እኔ ደስ ብሎኝ ሱቅ ሄድኩ። ለግራ ቀኙ ነጋዴ ሁሉ «ካፒቴናችን አለፈች፣ አንድ ሁለት ቀን ብቻ ነው የቀረው» አልኩ። በአንድ ከሰዓት መንገዱን ዳር እስከ ዳር ያዳረስኩ ይመስለኛል። አንዱ መብሩክ ብሎ ቴምር አመጣልኝ። በላሁት።

መልሱ ሳይውል ሳያድር በልጄ ስልክ መጣ። በዚህ ዙር ልንቀበልሽ አልቻልንም ይላል። ስልኩን በሁለት እጇ ሰጠችኝና አጠገቤ ቆመች። ደሜ ፈላ። «ምን አጎደልሽ? የጠየቁሽን ሁሉ አልመለስሽም? ክፍለ ሀገር ስለሆንን ነው የናቁን። ዘመድ ስለሌለን ነው» እያልኩ ሳሎኑን ላይ ታች አልኩት። ሚስቴ እጇን እየጠረገች ከማድቤት ወጣች።

«ጨረስክ?» አለችኝ።

«አልጨረስኩም።»

«እንግዲያው እየፎከርክ ስማኝ። የጠየቋት ካፒቴኑ ሲሳሳት ትናገሪያለሽ ወይ ነው። ዝም ካለች የተሳፈረው ሁሉ ያልቃል። አንተ ደግሞ ዝም ትላለች ብለህ ማልክላቸው።»

«ረዳት አይደለች?» አልኩ። ድምጼ ግን ወርዶ ነበር።

«ረዳት ትለኛለህ? እዚያ የሚያስቀምጧት ሲሳሳት እንድትነግረው ነው። እኔ ማድቤት ሆኜ የገባኝ አንተን ሳሎን ቁጭ ብለህ እንዴት አይገባህም?»

ወደ ልጄ ዞርኩ። «እውነት ነው?» አልኳት።

ዓይኗን መሬት ጣለች። «ትንሽ እንደዚያ ነገር ነው አባ» አለች። ሕይወቷን አበላሽቼባት፣ አሁንም እኔን ላለማሳፈር ትንሽ ትለኛለች። ያኔ ነው ሐፍረቱ የወረደብኝ። ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ፣ ኮፊያዬን አወለቅኩ፣ የማደርገው ጠፋኝ። በዚህ ዕድሜዬ በምላሴ የገዛ ልጄን በር ዘግቻለሁ። ያውም እያሞገስኳት።

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ማለት የኔ ነው። በማግስቱ ሱቅ ስሄድ ዋናውን መንገድ ትቼ በጓሮ በጓሮ ዞርኩ፤ አላመለጥኩም። «ካፒቴናችን መቼ ትሄዳለች?» ይለኛል አንዱ። «መብሩክ ሐጂ» ይለኛል ሌላው፤ ሐጂነቱም ከነሐፍረቱ ተደርቦ። ከሶላት በኋላ አንድ ሽማግሌ ለልጄ ዱአ አደረጉላት፤ አላህ ከፍ ከፍ ያድርጋት፣ በሰማይ ይጠብቃት እያሉ። ሰዉ አሚን ሲል እኔም አሚን አልኩ። አልተቀበሏትም ማለት አቃተኝ፤ ለምን ቢሉኝ ምን እላለሁ?

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ያለው ማር አፉ ሰውዬ ግን ዛሬም እየደወለ አብሽሩ ይለኛል። ልጄን «እሱስ ጋ ብትሄጂ?» አልኳት። የዚያ ወረቀት እንደማይረባ እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። «እርስዎ እንዳሉ» አለችኝ። ድሮ ደረቴን ያሰፋው ቃል ያን ቀን እንደ እሾህ ገባብኝ።

ያበላሸሁትን እኔው አስተካክላለሁ ብዬ ቆረጥኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት ሽማግሌ መላክ ነበር፤ ሁለት የተከበሩ ሰዎች ይዤ አዲስ አበባ ሄጄ ይቅርታ መጠየቅ። ሚስቴ ሰምታ «አንተ አንዱ ሽማግሌ ያበላሸኸው አነሰህ?» ስትለኝ ተውኩት። ቢያንስ ልደውል አልኩ። አባቷ ነኝ፣ ልጄ ትናገራለች፣ ጥፋቱ የኔ ነው ልላቸው።

ስልኬን ያወጣሁት ሱቅ ውስጥ ነው። ሙሽራና እናቷ፣ ከሁለት አክስቶቿ ጋር፣ ጨርቅ እያስዘረጉ ነበር። ልጄ ጠረጴዛው ላይ ትለካለች። ለዚያች ለቁጥቧ ሴትዮ ልደውልላት ነው ስላት ቀና አለች።

«አባ፣ ባይደውሉ ይሻል ይመስለኛል» አለች በቀስታ።

«አንቺ ለኪ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ።»

መቀሱን አስቀመጠች። «አባ፣ እርስዎ ከደወሉ ጨርሶ ይበላሻል። አይደውሉ።»

ሴቶቹ ከጨርቁ ላይ ቀና አሉ። በሕይወቷ አይሆንም ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው፤ ያውም ደንበኛ ፊት። ደሜ ወደ ራሴ ወጣ። ያን ሁሉ ሐፍረት ለእሷ ስል ተሸክሜ፣ «ማንን ነው አይደውሉ የምትይው?» ብዬ ጮህኩባት። ስልኩ መጥራት ጀምሯል። ልጄ ጠረጴዛውን ዞራ መጣችና ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ አይደለም። ነጠቀችኝ። የሙሽራዋ እናት «ቢስሚላህ» አለች።

ጆሮዬ ስለደከመ ስልኬ ሁልጊዜ ድምፁ ተለቅቆ ነው የሚሠራው። ሴትዮዋ «ሃሎ» ስትል ሱቁ ሁሉ ሰማ።

«ከደሴ ነኝ፣ በቪዲዮ ያነጋገራችሁኝ» አለች ልጄ። «የመጨረሻውን ጥያቄ እኔ አልመለስኩትም፣ አባቴ ናቸው የመለሱት። እውነት ነው ወይ ስትሉኝ አዎ ያልኩትም ልክ አልነበረም። ከፍታው ሲወርድ ካየሁ ለካፒቴኑ እናገራለሁ። ካልሰማኝ ግልጽ አድርጌ እደግመዋለሁ። አሁንም ካልሰማኝ መሪውን እቀበለዋለሁ።»

ያንኑ ሁሉ አሁን እኔ ላይ አድርጋው እንደጨረሰች ገባኝ።

«አባትሽ አሁን የት ናቸው?» አለች ሴትዮዋ።

«እዚሁ አጠገቤ።»

«ይሰማሉ?»

«ይሰማሉ። ስልኩም የእሳቸው ነው።»

«እንግዲያው ፊታቸው ንገሪኝ። ስለ አንቺ ያሉት ልክ ነበር?»

ልጄ ወደኔ ዞረች። ዓይኗን መሬት አልጣለችም።

«አልነበረም» አለች። «አባቴ ተሳስተዋል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የት እንደማይ ጠፍቶኝ የተዘረጋውን ጨርቅ ጫፍ አጣጥፌ ዘረጋሁት፣ ዘርግቼ አጣጠፍኩት። ሴትዮዋ ቃል አልገባችላትም። አዲስ አበባ መጥታ ከካፒቴኑ ጋር ሲሙሌተሩ ላይ እንድትቀመጥና እዚያ እንደሚያዩዋት ነገረቻት። ልጄ ስልኩን በሁለት እጇ መለሰችልኝና «አፉ ይበሉኝ» አለች። አፉ ብዬሻለሁ ማለት እየቻልኩ፣ ለሙሽራዋ እናት ስንት ሜትር እንደፈለገች ጠየቅኳት።

ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘኋት። ውስጥ አልገባሁም፤ ማንንም ሰላም አላልኩም። ሲሙሌተሩ ላይ አይተዋት ተቀበሏት፤ ለዚያው ዙር ደረሰች። ለሰፈርተኛው የነገረችው ሚስቴ ናት። እኔ ሰው መብሩክ ሲለኝ አመሰግንና ወሬ እለውጣለሁ። ሚስቴ «ዛሬስ በዛ፣ ዝም ልትል ነው?» እያለች ትቀልድብኛለች።

ሥልጠናውን እንደጀመረች አንድ ከሰዓት ደወለች። ሚስቴና እኔ ሳሎን ነበርን። ደስ ብሏታል፣ ድምጿ ላይ ይሰማል። አንዳንድ ቀን በተማሪው ቦታ ሽበታሙ ካፒቴን ከጎኗ ይቀመጥና ሆነ ብሎ ይሳሳታል፤ እሷ ታይና ትነግረዋለች፤ አንዳንዴ እንዳልሰማ ይሆንባታል፣ አንዳንዴም ይቆጣታል፤ ሥራው ነው።

«እና ስትነግሪው አልፈራሽውም?» አልኳት። «ያን የሚያህል ሰው?»

ሳቀች። «ኧረ አባ፣ እሱ ምን ያስፈራል? እኔ የምፈራው እርስዎን ብቻ ነው።»

እየሳቀች ነው ያለችው፣ ቤቱ ሁሉ እንደሚያውቀው ነገር። ሚስቴን አየኋት፤ አልገረማትም። አክብሮት ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ ስናገር የኖርኩትን፣ ለዚያች ሴት በአላህ ስም የማልኩበትን፣ ልጄ ስሙን ነገረችኝ። ያውም እኔን ለማሳዘን ብላ አይደለም። ሕፃን ሆና በሩን ከፍቼ ስገባ ጨዋታዋን ትታ የምትነሳው ትዝ አለኝ፤ ለእንግዶቼ እዩልኝ እያልኩ የማሳየው።

«አባ፣ አሉ?» አለችኝ።

«አለሁ» አልኳት። ስልኩን ለእናቷ ሰጠሁ።